የእትዬ ኪሎ ጣት

እኔና እትዬ ኪሎ የምንሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሷ በመስኮቱ በኩል ሕፃናት ትመዝናለች፤ እኔ በበሩ በኩል እከትባለሁ። ጤና ጣቢያው ሲሠራ ያ ክፍል ለምን እንደታሰበ እንጃ፤ ለሁለት ሰው እንዳልታሰበ ግን ማንም ገብቶ ያየዋል። እኔ መርፌ ልሞላ ክንዴን ሳነሳ ክርኔ ትከሻዋን ይነካል፤ እሷ ልጅ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ዳሌዋ ጠረጴዛዬን ገፍቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። እንዲህ እየተገፋፋን ስንት ዓመት ኖርን። ተለያዩ ብንባል ሁለታችንም እናለቅሳለን።

ዕጣችን ግን አንድ አይደለም። ልጆቹ መጀመሪያ የሚያገኙት እሷን ነው። ታቅፋቸዋለች፣ ታጫውታቸዋለች፣ የሚዛኑ ሳህን ላይ አጋድማ ሆዳቸውን ትኮረኩራለች፤ እነሱም ድዳቸውን አውጥተው ይስቁላታል። ከዚያ ወደኔ ይመጣሉ። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ እሷን ያየ ልጅ እጁን ይዘረጋል፤ እኔን ያየ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን በዚህ ነገር ባማርርባት፣ «ምን ይደረግ፣ አንቺ መርፌ፤ የኔ ሚዛን አያምም» አለችኝ። አያምም ያለችው ከልቧ ነው። ማመሙን ሳታውቅ የኖረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ስሟን ያወጣላት ዘበኛችን ነው፤ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም አሁን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ይመስለኛል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሥራ የጀመረችው በጽዳት ነው። ሚዛን ላይ የነበረችው ሴት ሥራ ስትለቅ፣ ለጥቂት ቀን ያዢልን ተብላ ተቀመጠች፤ ያ ጥቂት ቀን እስካሁን አላለቀም። ሚዛኗን ከልጇ አታሳንሳትም። ማታ ማታ በፎጣ ጠቅልላ ነው የምትሄደው። ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት ከመሳቢያዋ ያልተከፈተ የአንድ ኪሎ ጨው አውጥታ ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ ቁጥሩ ልክ ካልመጣ ማንም ልጅ አይወጣም። አንድ ጊዜ ለምሳ ጨው አልቆብኝ መሳቢያዋን ስከፍት ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ሌላውን ነገር ሁሉ የምትለካው ደግሞ በሕፃን ነው። ገበያ ወርዳ ጎመን ብታነሳ፣ «ይቺ የፀጉር ሠሪዋን ልጅ በወሯ ታክላለች» ትላለች። ሐብሐብ የምታነሳው ጭንቅላቱን ደግፋ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ የማታውቀውን ሰው ልጅ፣ «እስቲ ወዲህ በይው» ብላ ትቀበልና ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጋ ኪሎውን ተናግራ ትመልሳለች። እናቲቱ ትመስገን ትሰደብ ሳይገባት ታክሲው ይመጣል።

ጠዋት ለእናቶች ትምህርት የምትሰጠውም እሷ ናት። በቃሏ ታነበንበዋለች፤ «ልጅ ከልጅ አይወዳደርም። ዋናው በራሱ መንገድ ማደጉ ነው። የጎረቤት ልጅ ወፈረ ብላችሁ ልባችሁን አታቁስሉ።» ጥሩ ትምህርት ነው፤ ችግሩ ከንፈሯ ትምህርቱን አልተማረም። ሞላ ያለ ልጅ ሳህኑ ላይ ሲወጣ ፊቷ ይበራል፣ «ጎሽ የኔ አንበሳ» ትላለች። ቀጠን ያለ ሲመጣ ምንም አትልም፤ ከንፈሯን ትመጥጣለች። አንዲት ትንሽ ድምፅ ናት። ሆን ብላም አይደለም፣ አታውቀውም። እናቶች ግን ያውቁታል። የሚዛኑን ቁጥር የማትፈራ እናት ያቺን ድምፅ ትፈራለች።

ስለሚፈሩም ያጭበረብራሉ። በሚዛን ቀን ልጅ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ ለብሶ ይመጣል። «ልጁን ነው የምመዝነው ወይስ ቁም ሳጥኑን?» እያለች ትልጠዋለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ልጇን እስከ በሩ ድረስ ስታጠባ ቆይታ ሳህኑ ላይ ብታስቀምጠው የጠባውን ሁሉ አስመለሰው፤ እትዬ ኪሎ ጠርጋ ስታበቃ፣ «ይኸው የኔ እመቤት፣ ትርፉን መለሰልሽ» አለቻት። አንዷማ በልጇ ካልሲ ውስጥ የበር ቁልፍ ከነመያዣው ተገኘባት። «በሦስት ወሩ ቤት ተረከበ እንዴ?» ብላ ቁልፉን ሰጠቻት። ሁላችንም በሳቅ ሞትን። እናቲቱም አብራን ሳቀች፤ ስትወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

እትዬ ኪሎ አንድ ሴት ልጅ አለቻት። ከጤና ጣቢያው ማዶ ባለው ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። ቁመቷ የሱቁን በር ይሞላል፤ በአንድ ብብቷ አንድ፣ በሌላው አንድ ጥቅል ጨርቅ ይዛ መንገድ ስትሻገር መኪናው ቆሞ ያሳልፋታል። እናቷ በዚች ልጅ የማትኮራበት ቀን የለም። «ስወልዳት እኮ» ትላለች፣ አድማጭ ካገኘች፣ «አዋላጇ ተቀብላት ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ክንዷ ዝሎባት።» ታሪኩን ስንሰማው ከመኖራችን የተነሳ አዋላጇን የምናውቃት ይመስለን ነበር። ልጅቷን እያየ ማን ይጠራጠራል።

ይህቺው ልብስ ሰፊ የከባድ መኪና ሹፌር አገባች። እሱ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ እናቷ ቤት ቆየች፣ አረገዘች፣ ወሯን ጨርሳ ወለደች። ሴት ልጅ። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። ቀኗን የጠበቀች፣ ምንም የማይጎድላት፣ ግን ትንሽ። ዘበኛው ሲሰማ፣ «ያን ሁሉ ቶን የሚጭን ሰውዬ ለኛ ሁለት ኪሎ አራገፈ?» አለና እትዬ ኪሎ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ ነሳችው። ልጅቷ ስም ወጥቶላታል፤ እኛ ግን ጠብታ አልናት።

ጠብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚዛን የመጣች ዕለት እዚያው ነበርኩ። እትዬ ኪሎ አዲስ ጨርቅ ሳህኑ ላይ አነጠፈች፣ እጇን አሻሽታ አሞቀች፣ የልጅ ልጇን ራቁቷን አጋደመች። ቁጥሩ በትንሿ መስኮት ወጣ። ከተወለደችበት ብዙም ፈቀቅ አላለችም። ያ ልማደኛ ከንፈር ያቺን ድምፅ አወጣ።

ልጇ ቀና አለች።

«እማ፣ ለኔም?»

እትዬ ኪሎ አፏን በመዳፏ ያዘችው፤ ግን አንዴ ወጥቷል። ያቺ መኪና የምታስቆም ሴት የሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ለራሴ ልጅ የማስለቅስ ሰው ነኝ፣ ለቅሶ አያስደነግጠኝም፤ ያን ቀን ግን ደነገጥኩ።

በሳምንቱ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠብታን ታጠባለች፤ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። እኔን ተቀመጪ እንኳ ሳትለኝ እናቷን ጠየቀቻት።

«እማ፣ አንቺ እኔን እንዲያ አግዝፈሽ ወልደሽ፣ እኔ ይቺን? ምን አጎደልኩባት? ወተቴ ውሃ ነው እንዴ?»

እትዬ ኪሎ አፏን ከፈተች። የሆነ ነገር ልትል ነበር፣ አስታውሳለሁ። ከዚያ ዘጋችውና የጠብታን እግር በብርድ ልብሱ ሸፈነች።

«ትሞላለች» አለች። «ታያለሽ፣ ትሞላለች።»

እውነትም ሞላች። ቢያንስ በኛ ሚዛን።

የዚህን ነገር ምሥጢር እኛ ያወቅነው ቆይተን ነው፤ እናንተን ግን ለምን አደክማለሁ፣ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ልጅ የሚመዝን ሰው፣ ልጁ እንዳይወድቅ አንድ እጁን ሳህኑ አጠገብ ያኖራል። ደንብ ነው። የእትዬ ኪሎም እጅ ደንቡን ጠብቆ አጠገቡ ነበር፤ ትንሿ ጣቷ ግን የሳህኑ ጠርዝ ላይ አረፍ ብላለች። መጀመሪያ ዝንብ የማረፍ ያህል ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ትንሽ ጠንከር አለ። ነገሩ ክፉ ነው፤ ዛሬ በጣትሽ መቶ ግራም ከጨመርሽ፣ በሚቀጥለው ያንኑ መቶ ደግመሽ ሌላ መጨመር አለብሽ፣ አለዚያ ልጅቷ የከሳች ትመስላለች። ቁልፍ ከካልሲ ውስጥ ያወጣች ሴት፣ ጠዋት ሚዛኗን በጨው የምትፈትን ሴት፣ በየቀጠሮው ጣቷን እያከበደች ሄደች።

የጣቱን ፍሬ ግን ማዶ እናየው ነበር። ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ ወሰዳት። ምግብ ገባላት። ጠብታን በጨርቅ ቁርጥራጭ ቅርጫት ውስጥ አጠገቧ አስተኝታ የስፌት መኪናዋን እያንኳኳች ትዘፍናለች፤ ድምፅዋ ለዘፈን አልተፈጠረም፣ እሷ ግን ትዘፍናለች። ልብስ ሊለካ ለመጣ ሁሉ፣ «ልጄ እኮ ሞላች» ትላለች። እትዬ ኪሎ ይህን ሁሉ በመስኮታችን ቆማ ታያለች። እኔ በቦታዋ ብሆን ጣቴን አነሳ ነበር? እንጃ።

ከዚያ ሳጥኑ መጣ።

አንድ ዶክተር ስለ ሕፃናት ክብደት ያጠናል ተባለና ከኛ አጠገብ ያለው የዕቃ ክፍል ተለቀቀለት። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጋዋኑ መስቀያ ላይ እንዳለ ይንጠለጠልበታል። እትዬ ኪሎ ከላይ እስከ ታች አይታው፣ «ይሄ ራሱ ሲወለድ ሁለት ኪሎ አይሞላም» አለችኝ በጆሮዬ። ይዞት የመጣው መሣሪያ ግን ግዙፍ ነው። ልጁ መጀመሪያ ራቁቱን በመሣሪያው ሚዛን ይመዘናል፤ ቀጥሎ መስኮት ያለው ሳጥን ውስጥ እንደ መሳቢያ ተገፍቶ ይገባና ጥቂት ደቂቃ ይተኛል። ሳጥኑ በአየሩ አማካይነት የልጁ አካል የያዘውን ቦታ ይለካል፤ ስብ ከሥጋ ስለሚቀል፣ ቦታውንና ክብደቱን አስተያይቶ ከልጁ ስንቱ ስብ፣ ስንቱ ሥጋና አጥንት እንደሆነ ያወጣል። ይህን ያስረዳን ዶክተሩ ነው፤ እስኪገባን ድረስ ደጋግሞ።

መጀመሪያ የገባው የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ነው። የሰፈሩ ኩራት ነው፤ ክንዱ ላይ ያለውን እጥፋት ለማጠብ ብቻ ግማሽ ሳሙና ያልቃል። ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ፣ «ከሦስት እጅ አንዱ ስብ ነው» አላት።

ዳቦ ጋጋሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሳች። «ሥጋ ቤት ነው እንዴ ያመጣሁት?»

ዶክተሩ ላብ በላብ ሆነ። ስብ ለሕፃን እንደሚያስፈልገው፣ ማንንም መስደቡ እንዳልሆነ፣ ክብደት ብቻውን ሁሉን ነገር እንደማይናገር፣ እኩል ኪሎ ያላቸው ሁለት ልጆች ውስጣቸው ሊለያይ እንደሚችል ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናገረ። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ ደግሞ ቶሎ ይወፍር ተብሎ ከተጣደፉበት፣ አካሉ ሳይበረታ ስቡ ብቻ ሊጨምር ይችላል አለ። እትዬ ኪሎ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። «ስብም ሆነ ሥጋ፣ ዋናው መሙላቱ ነው» አለች። እንደ ወትሮው ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ልጇ ጠብታን ላምጣት ስትላት አንዴ ብርድ ነው፣ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ሳጥኑ ተበላሽቷል ትላታለች። ሳጥኑ ምንም አልሆነም ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ልጄ ሞልታለች ብላ ያመነች እናት ናት፤ እንዲህ ያለችን እናት ማን ያግዳታል። ሐሙስ ዕለት ሱቋን ዘግታ፣ ጠብታን አዲስ በሰፋችላት ቀሚስ አስጊጣ በራሷ መጣች። «ትታይልኝ» አለች።

ዶክተሩ ጠብታን ከሳጥኑ አወጣት። ቁጥሩን አየ፣ ካርዷን አየ። ሚዛኑን ባዶውን አስተካክሎ እንደገና መዘናት። አሁንም ደግሞ መዘናት።

«ሰኞ ተመዝና ነበር?»

«እናቴ ናት የመዘነቻት» አለች ልብስ ሰፊዋ በኩራት።

«ከሰኞ ወዲህ ስድስት መቶ ግራም ቀንሳለች። ትጠባለች? ያስመልሳታል? ያስቀምጣታል?»

«ምንም አልሆነችም።»

«በዚህ ዕድሜ ይሄ ቀላል አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ደም ይወሰዳል፣ ምናልባትም ትተኛለች።» እጁ ወደ ስልኩ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከክፍሌ ሮጬ ደርሼ ጠብታን ተቀበልኩ፤ እግሯን ታወናጭፋለች፣ የጋዋኔን ቁልፍ ልትበላ ትታገላለች፣ የታመመ ልጅ ነገር አይታይባትም። ስለዚህ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«የኛ ሚዛን አርጅቷል ዶክተር፤ እሱ ይሆናል የዋሸው።»

ይህን ስል ለእትዬ ኪሎ ማምለጫ እየከፈትኩላት እንደሆነ አላወቅሁም። ዝም ማለት ብቻ ነበረባት። ሚዛኑ ይወቀሳል፣ ይጣላል፣ አዲስ ይገዛል፣ እሷም እንደተከበረች ትኖራለች። ነገር ግን ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት እናቶች ሰምተውኛል። «የኔስ ልጅ?» አለች አንዷ። «የኔ እኮ ከሳ ተብሎ ስንት ነገር ሆኛለሁ» አለች ሌላዋ። ባለ ቁልፏ ሴት ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈች።

«ሚዛኑ አልዋሸም» አለች እትዬ ኪሎ።

ሁላችንም ዞርን። በሩ ላይ ቆማ ትንሿን ጣቷን ቀና አድርጋ ይዛለች፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ተማሪ ትመስላለች።

«ጨዉን አስቀምጡበትና እዩት፣ ልክ ነው። የዋሸው ጣቴ ነው። የጠብታን ብቻ፤ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ጣቴን አሳርፌ አላውቅም። ሆስፒታል አትውሰዷት፣ ልጅቷ አልቀነሰችም። ስድስት መቶው ግራም የኔ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ዶክተሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሊቆጣ ነበር መሰለኝ፤ ግን ወለሉ ላይ የተቀመጠችውን እናት አየና ቁጣውን ዋጠው። የሳጥኑን ውጤት እንደገና ተመልክቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እንግዲያው ስሚኝ። ልጅሽ ትንሽ ናት፣ ግን ደህና ናት። ከተወለደች ወዲህ የጨመረችው ሥጋዋን፣ አጥንቷን፣ ቁመቷን ነው፤ ለዕድሜዋ የሚበቃ ስብም አላት። ጥሩ እያደገች ነው። ወተትሽ ይበቃታል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ እልል የሚያሰኝ ዜና ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ጆሮዋ ላይ የቀረው ሌላው ነው። ተነሳች፣ ጠብታን ከእጄ ወሰደች፣ እናቷ ፊት ቆመች።

«ሞላች እያልሽ ስታስዘፍኚኝ ከረምሽ» አለቻት። ልጇን ታቅፋ ወጣች።

ኃላፊያችን እትዬ ኪሎን ቢሮው አስጠርቶ ምን እንዳላት አልነገረችኝም፤ ስትወጣ ፊቷ ዐመድ መስሎ ነበር። የመዘነቻቸውን ልጆች ሁሉ እኔ እንደገና እንድመዝን ታዘዝኩ። መዘንኩ። የአንድም ልጅ ቁጥር አልተዛባም። ይህን ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። «አውቃለሁ» ብቻ አለችኝ።

ቤት ውስጥ ልጇ አታናግራትም። ጨው አቀብዪኝ እንኳ አትላትም፤ ተነስታ ራሷ ታመጣለች። የባሏ እናት ሌላ ከተማ ናቸው፤ የጠብታን የቀረ ክትባት አስከትባ እሳቸው ዘንድ ልትሄድ ሻንጣ ማሰናዳት ጀምራለች። እትዬ ኪሎ ይህን የነገረችኝ ጨርቅ እያጠፈች ነው፤ አጥፋ የጨረሰችውን መልሳ እየዘረጋች ታጥፈዋለች።

«አንቺን ቢያንስ ትፈራሻለች» አለችኝ። «እኔን ረስታኝ ታድጋለች።»

አሳዘነችኝ። ልጅ ስለሚወዳት ስቀናባት የኖርኩ ሰው፣ ቅናቴ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ዶክተሩ ለሻይ ሲወጣ ተከትላው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እኔም ነበርኩ። ስለ ሳጥኑ ጠየቀችው፤ ልጅ ሳጥን ሳይገባ ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል አለችው። ቁመቱን፣ አጠባቡን፣ ሲነቃ ያለውን ጉልበት፣ ከወር ወር ያለውን መንገድ ይዩ አላት። ጠዋት ጠዋት በቃሏ የምታስተምረውን ነው መልሶ የነገራት፤ እሷ ግን ዛሬ ገና እንደሰማችው ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ያ ልማዷ አላስቻላትም።

«አንተ ልጄ፣ ስትወለድ ስንት ነበርክ?»

«ሁለት ኪሎ ከመቶ» አላት እየሳቀ። «እናቴ ላገኘችው ሰው ሁሉ ትናገራለች። ካላመኑኝ ይደውሉላትና ይጠይቋት።»

«አታፍርም?»

«ምኑ ያሳፍራታል? እኔ እንደሆንኩ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ።»

እትዬ ኪሎ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ነገሩ ምን እንደነካባት ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወደ ሚዛኗ ተመልሳ ነበር፤ ግን አዲስ ልማድ አመጣች። ልጁን ሳህኑ ላይ ታጋድምና እናቲቱን «አንቺ ጠብቂው» ብላ ሁለት እጇን ከኋላዋ አጣምራ ትቆማለች። ማንም አላዘዛትም። ከንፈሯንም እንዲሁ በጥርሷ ነክሳ ትይዘዋለች። ዘበኛው እንኳ ሊቀልድባት አልደፈረም።

የመሄጃዋ ቀን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሻንጣዋን ዘበኛው ዘንድ አስቀምጣ እንደ ማንኛዋም እናት ተራ ጠበቀች። ሲደርሳት ጠብታን ልብሷን አወላልቃ ሳህኑ ላይ አጋደመቻት። እትዬ ኪሎ እጇን ከኋላዋ አጣመረች። ጠብታ አያቷን ስታይ ድዷን አውጥታ ሳቀች፣ ክንዷን አወናጨፈች፤ እትዬ ኪሎ አልነካቻትም። ቁጥሩ ወጣ። በጣት ከደረሰችበት ገና አልደረሰችም።

«በይ» አለች ልጇ። «ምጠጪ እንጂ ከንፈርሽን፣ ምን ይዞሻል? አንቺ እኮ አዋላጅ ክንድ የምታዝል ልጅ ነው የወለድሽው። ይቺን የወለድኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ኪሎ ከንፈሯን ከጥርሷ ለቀቀች።

«አዋላጇ ወንበር ላይ መቀመጧ እውነት ነው» አለች። «ከብደሽባት ግን አይደለም። ሚዛን ላይ አድርጋሽ፣ ቁጥሩን አይታ ተቀመጠችና ከንፈሯን መጠጠችልኝ። ሁለት ኪሎ አልሞላሽም ነበር። ከጠብታ ታንሺ ነበር።»

እኔ የሞላሁትን መርፌ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ያቺን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ» አለች። «ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ስንት አለቀስኩ። አንቺ እንዲህ ስትሆኚልኝ ጊዜ፣ ስትወለድም ግዙፍ ነበረች አልኩ፣ ማን ያያል ብዬ። ለሰው አልኩ፣ ላንቺም አልኩሽ። ወተቴ ውሃ ነው ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ መንገር ነበረብኝ። አፈርኩ። ጣቴን ማሳረፍ ቀለለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እናቷን አየች። ቀጥላ ያን ጥቅል ጨርቅ የሚያነሳውን የራሷን ክንድ አየች፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ እግሯን የምታወናጭፈውን ልጇን።

«ታዲያ እኔን ምን አብልተሽ ነው?» አለች።

«ጡት ነዋ። ሌላ ምን አለ።»

«ጡት ብቻ?»

«በኋላማ የጎረቤቱን ዳቦ ሁሉ አንቺ ነሽ የጨረስሽው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እኔም ተከተልኳት። ምን እንደሆንን ያልገባቸው፣ ከበሩ ውጭ የተሰለፉ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡልን።

ከዚያ ጠብታን ለኔ ሰጠችኝ፤ ሥራ ሥራ ነው፣ ወጋኋት። ጩኸቷ ዘበኛው ጋ ደረሰ። ያን ሁሉ ጩኸት የትኛው ኪሎዋ ውስጥ እንዳስቀመጠችው ሳጥኑም አይነግረን። እኔን አንዴ በቂም አየችኝና ፊቷን አዙራ አያቷን ፈለገች። እትዬ ኪሎ አሁንም እጇን ከኋላዋ እንዳጣመረች ናት።

ዘበኛው ሻንጣውን ተሸክሞ በሩ ላይ ብቅ አለና መኪናው ሊሄድ ነው አለ።

«እማ» አለች ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን እየጠረገች። «እጅሽን አምጪ እንጂ። ልጅቷን ያዣት።»

እትዬ ኪሎ እጇን ከኋላዋ አውጥታ ጠብታን ተቀበለች። እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አደረገቻት። ስንት ናት ትለን ይሆን ብለን ጠበቅን፤ አልተናገረችም።